የጋሪዎቹ በር

ዴንቨር አጠገብ ሴንቴኒያል በምትባል ከተማ የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ወንበራቸውን ወደ ምዕራቡ መስኮት እንዳዞርላቸው ይጠይቁኝ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ጋራዥ ነው። ከጋራዡ ጣሪያ በላይ ግን ተራሮቹ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተዋል። የቱ ጫፍ ምን እንደሚባል በጣታቸው እያሳዩ ይነግሩኛል፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን በስሜ ጥሪኝ አሉኝ። የአገሩ ልማድ ይኸው ነው፤ ግን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሴት በስም መጥራት አፌ እምቢ አለኝ። ስም ሳልጠራ እየተሹለከለክሁ ቆየሁና አንድ ቀን ሳላስበው "እማማ" አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "እንግዲያውስ እሱ ይሻላል" አሉ። ከዚያ ወዲያ እማማ ሆነው ቀሩ።

ይህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ ዴንቨር እንደመጣን ካፒቶል ሂል አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራይተን ነበር፤ በእግርና በአውቶቡስ ነበር የምንንቀሳቀሰው። በኋላ ወደ ኦሮራ ተዛወርን። ባለቤቴ ከኤርፖርት ሰው ማመላለስ ጀመረ፣ እኔም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መንጃ ፈቃድ ይኑረኝ እንጂ የምነዳባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ገበያ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። ሃይዌይ ላይ የምወጣው ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ ነው። ተራራ ላይማ በመኪና እወጣለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። ባለቤቴ ፈረንጆችን በረዶ ላይ ስኪ እንዲጫወቱ ወደ ተራራ ያደርሳል። እኔ ደግሞ ማታ በሰላም እስኪገባ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

እማማ የዚያ ተራራ ልጅ ናቸው። የተወለዱት ፌርፕሌይ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። በበረዶም በጭቃም ልጆች ከየተራራው ሥር ለቅመው፣ ማታ ደግሞ እያንዳንዳቸውን በየቤታቸው በር አውርደዋል። ጉልበታቸውና ሳንባቸው ሲደክም ልጃቸው ዝቅ ወዳለ ቦታ ይምጡ ብሎ ሴንቴኒያል አመጣቸው። እሱ የሚኖረው በሰሜን በኩል ቶርንተን ነው።

ከሁሉም አብልጠው የሚያወሩልኝ ስለ አንድ የድሮ መንገድ ነበር። ዌስተን ፓስ ይባላል፤ በእኛ አነጋገር የዌስተን በር ልንለው እንችላለን፣ ጣርማ በር እንደምንለው። ከፌርፕሌይ ወደ ምዕራብ ሄዶ ተራራውን በአንገቱ በኩል የሚሻገር የጋሪ መንገድ ነው። መጀመሪያ የአገሩ ባለቤቶች የዩት ሕዝቦች የእግር መንገድ ነበር። በኋላ ከተራራው ማዶ ሊድቪል ላይ የብር ማዕድን ተገኘ ሲባል ሰው ሁሉ በዚያ ጎረፈ። ዱቄቱ፣ ምስማሩ፣ የመስኮቱ መስታወት፣ ምድጃው፣ ፒያኖው ሳይቀር በበቅሎ ጋሪ እየተጫነ በዚያ አንገት ያልፍ ነበር።

"መንገዱ ለአንድ ጋሪ እንጂ ለሁለት አይበቃም" አሉኝ አንድ ጠዋት። "ስለዚህ ከፊት ላሉት በቅሎዎች ደወል ያስሩላቸዋል። ከወዲያ የሚመጣው ደወሉን ሲሰማ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቆማል።"

"ካልሰማስ?"

"ካልሰማማ አንዱ ጋሪውን ፈታትቶ በትከሻው ያሳልፋል። ሲሳደቡ ተራራው ያስተጋባ ነበር ትል ነበር ቅድመ አያቴ።"

የታሪኩ ሥር ይህች ቅድመ አያት ናት። ከሚዙሪ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሊድቪል ልትገባ በጋሪ መጣች። በሩ ሥር ሲደርሱ ባልየው ሳንባውን ታመመና ድንኳን ተከሉ። ትንሽ ሲሻለው እንቀጥላለን ብለው ጠበቁ፤ አልተሻለውም፣ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ያለፈው ያገደመው ሁሉ ይመክራት ጀመር። ግማሹ ከእኛ ጋር ተሻገሪ ይላል፣ ግማሹ ወደ ወገኖችሽ ተመለሺ ይላል። እሷ እያሰበች ሳለ ልጆቿን ለማብላት ዳቦ ትጋግር ነበር። ጋሪ ነጂዎቹ የዳቦው ሽታ እየጠራቸው መቆም ጀመሩ። ነገ ጋግረሽ ጠብቂን አሏት። በበጋው ማብቂያ ድንኳኑ በግንድና በድንጋይ የተሠራ ቤት ሆነ፤ መንገደኛ የሚበላበትና የሚያድርበት፣ በቅሎም የሚያርፍበት። ባቡር በሌላ አቅጣጫ ሊድቪል እስኪገባና የጋሪው መንገድ ጭር እስኪል ድረስ እዚያው ኖረች። ከዚያ ልጆቿን ይዛ ወደ ፌርፕሌይ ወረደች።

"ሊድቪልን አይታው አታውቅም" አሉኝ እማማ። "በሩ ከቤቷ በላይ ይታያታል። አገር ለቃ የወጣችው ለዚያ ከተማ ነበር፤ አንድም ቀን አልተሻገረችም።"

"ለምን?"

"እኔም ልጅ ሆኜ እናቴን ጠይቄያት ነበር። ዳቦው ይቃጠልብኛል ትል ነበር አለችኝ።"

እማማ ራሳቸውም ሊድቪልን አላዩም። በዚያ ሁሉ የመንዳት ዘመን የእሳቸው መንገድ ከተራራው ወዲህ ነበር። መጀመሪያ ሥራው፣ በኋላ የባላቸው ሕመም፣ ከዚያም የራሳቸው ጤና አልመች አለ። ልጃቸው በየመስከረሙ በበሩ አሻግሬ ሊድቪል እወስድሻለሁ ይላል፣ በየመስከረሙም አንድ ነገር ይገጥመዋል። በዚያ ዓመት ግን ቆረጡ። ሐኪማቸውም ትንሿን የኦክስጅን መሣሪያ ይዘው መሄድ እንደሚችሉ፣ ጣታቸው ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሯ ከወረደች ግን እንዲመለሱ ነግሯቸዋል።

በቀጠሮው ቀን ስደርስ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልኩ ጮኸ፤ ልጃቸው ነው። ወገቡን ይዞት ከአልጋ መነሳት እንዳቃተው ነገራቸው። "ግድ የለም፣ ዕረፍት አድርግ" አሉትና ስልኩን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ኮፍያቸውን ግን አላወለቁትም።

ተራራው ላይ አስፐን የሚባል ዛፍ አለ፤ መስከረም ላይ ቅጠሉ ወርቅ ይመስላል፣ አንድ ጠንካራ ነፋስ ከመታው ግን በአንድ ቀን ይራገፋል። በሚቀጥለው ሳምንት በረዶ ይጥላል ተብሏል። እኔ ቆሜ እጃቸውን አየሁ፤ ጉልበታቸው ላይ አጣምረውታል። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ "እኔ እወስድዎታለሁ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ተራራ ላይ ነድተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ጥሩ፤ መጥፎ ልማድ አልያዝሽም ማለት ነው" አሉና ተነሡ።

ለልጃቸው ደውዬ አስፈቀድኩ። "መንገዱን እሷ ትነግርሻለች፤ ሳትጠይቂያትም ትነግርሻለች" አለኝ። ባለቤቴ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ነበር። ለእሱም ደውዬ ነገርኩት። "ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠሽ አትቆዪ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጊው" ብሎ መከረኝ። አትሂጂ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይበለኝ ብዬም ተመኝቼ ነበር መሰለኝ።

ከከተማ እንደወጣን መንገዱ በገደሎቹ መሃል መጠማዘዝ ጀመረ። መሪውን የሙጥኝ ብዬ ስለያዝኩ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከኋላዬ መኪኖች ተሰልፈዋል። እማማ ወደ ፊት እያዩ "ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኚ ቀኝ ያዢና አሳልፊያቸው። ማንም ዕድሜ ልኩን ከኋላሽ አይሄድም" አሉኝ። አሳለፍኳቸው፤ ትከሻዬ ቀለለኝ። ኬኖሻ የሚባለውን ከፍታ ጨርሰን ወዲያ ማዶ ስንወርድ፣ መሬቱ በድንገት ተከፈተ። ዳር እስከ ዳር ቢጫ ሣር የሞላበት ሰፊ ሜዳ፣ ዙሪያውን ተራራ አጥሮት፣ የደመና ጥላ ቀስ እያለ ይጓዝበታል። መኪናውን ዳር አስይዤ ፓርክ አደረግኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ከዚያ የአንድ ሁለት ሰዓት የመኪና ጉዞ ብቻ ርቄ ስኖር እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩን ማንም አልነገረኝም፤ ወይም እማማ ነግረውኝ አልሰማኋቸውም።

ፌርፕሌይን አልፈን አስፋልቱን ለቀን የአፈሩ መንገድ ላይ ገባን። አንድ ወንዝ በግራችን እየወረደ፣ አስፐኖቹ በሁለቱም በኩል ቅጠላቸውን ያንቀጠቅጣሉ። እየቆየ መንገዱ ጠበበ፣ ድንጋዩም በዛ። በየመታጠፊያው "ክላክስ አድርጊ" ይሉኛል እማማ። እኔም አደርጋለሁ። አንድ መታጠፊያ ላይ ከላይ ሌላ ክላክስ መለሰልን። ቆምኩ። ተጎታች ያሰረ ፒክአፕ ብቅ አለ፤ ሾፌሩ እንደ እማማ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ነው።

"በሕጉ የሚወጣው ነው ቅድሚያ ያለው" አሉ እማማ። "ግን እሱ ተጎታች አለው፣ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። አንቺ ትችያለሽ።"

"እኔ አልችልም።"

"ከኋላሽ ሰፋ ያለ ቦታ አልፈናል። መስታወትሽን እዪ፤ ገደሉን አትዪ፣ መንገዱን ነው የምታዪው። የእግር እርምጃ ያህል ብቻ ሂጂ።"

ወደ ኋላ ሄድኩ። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። እሳቸው "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ፣ አሁን ቀጥ አድርጊው" እያሉ አንዴም ድምፃቸውን ሳይለውጡ ሰፊው ቦታ ላይ አደረሱኝ። ሽማግሌው አጠገባችን ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ኮፍያውን ነካ አደረገና "አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው እንዲህ አያደርግም" አለኝ። እሱ ሲያልፍ እኔ እየሳቅሁ ነበር።

የቅድመ አያታቸው ቤት የነበረበት ቦታ ዛፉ አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ ነው። የቀረው ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረትና የወደቁ ጥቂት ግንዶች ናቸው። እማማን ደግፌ አወረድኩ። ቀስ ብለን ደረስንና የበሩ ደፍ በነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከበላያችን መንገዱ ራቁቱን እየተጠማዘዘ ወደ አንገቱ ይወጣል። አጭር ነው የሚመስለው፤ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ።

"እዚያ ጥግ ፈልጊልኝ" አሉ በዘንጋቸው እያመለከቱ። "ሰፊ ቅጠል ያለው ነገር አለ?"

ሄጄ አየሁ። ከመሠረቱ ኋላ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ ውርጭ ያጠወለገው ትልልቅ ቅጠል ያለው ተክል በቅሏል። አገር ቤት በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ቱልት ቁርጥ፣ ትልቅ መሆኑና አገዳው መቅላቱ ነው እንጂ። አንድ አገዳ ቆርጬ አመጣሁላቸው። ሩባርብ ይባላል አሉኝ። ቅጠሉ አይበላም፤ አገዳው ግን በስኳር ተቀቅሎ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ቅድመ አያታቸው ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ከሚዙሪ ድረስ ይዛው መጥታ ነበር። ጋሪ ነጂዎቹ ከደረቅ ሥጋና ከባቄላ ሌላ ሳያዩ ሰንብተው ሲደርሱ፣ የእሷን የሩባርብ ዳቦ እየበሉ ዝም ይሉ ነበር አሉ። እማማ አገዳውን ቀንጥሰው ሰጡኝ፤ ቀመስኩት። አፌ ተኮማተረ። እሳቸውም ቀመሱ፣ ፊታቸውን አኮማትረው ሳቁ።

የቅድመ አያታቸው ባል የተቀበረበት የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምልክቱ ጠፍቷል፣ ከቤቱ በላይ ነው ከሚባለው በቀር አናውቅም አሉ። ወደዚያው ዞሬ "ነፍስ ይማር" አልኩ። ምን እንዳልኩ ጠየቁኝና ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለእሱ እንደዚያ ያለለት ሰው ከኖረ ብዙ ጊዜ ሆኗል" አሉ።

መኪና ውስጥ ስንመለስ መለኪያዋን ጣታቸው ላይ ሰካሁ። ቁጥሯ ወርዷል። መሣሪያውን ከፍ አደረግኩት፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ አረፍን። ከፍ አለች፣ መልሳ ወረደች። ከንፈራቸውም ትንሽ ጠቁሯል። እሳቸው ግን የሚያዩት ወደ ላይ ነው።

"ትንሽ ናት የቀረችው" አሉ።

"እማማ፣ አንወጣም።"

"ላይ ደርሰን ወዲያው እንመለሳለን።"

"ላይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንወጣም።"

እስከዚያች ቀን ድረስ እምቢ ብያቸው አላውቅም ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞሩ፤ ያለቀሱ መሰለኝ። እኔም የራሴን እንባ ዋጥኩ። ዓመታት የጠበቁትን ነገር እኔ ነኝ የከለከልኳቸው፤ ትክክል መሆኔን ባውቅም ደስ አይልም። ቆይተው "አዙሪው እንግዲህ" አሉ። መኪናውን አዞርኩ። ጥቂት ከወረድን በኋላ ደግሞ "እኛ ቤት ሴቶቹ ሁሉ እዚሁ ላይ ነው የምንቆመው ማለት ነው" አሉና ትንሽ ሳቅ አሉ። ቁልቁለቱን ማርሹን ዝቅ አድርጌ ወረድኩት። ፌርፕሌይ ስንደርስ ቁጥሯ ተስተካክላ ነበር፣ እሳቸውም ተርበው ሾርባቸውን እስከ ታችኛው ጠብታ ጠጡ።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ወደ ኋላ የነዳሁትን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን እያሰፋ እያጠበበ ቆየ። "ሊድቪል ለመግባት የግድ በዚያ በር መውጣት የለባችሁም እኮ" አለ። "እዪው፤ በደቡብ ዞሮ ዝቅ ባለው በር አልፎ፣ ከተራራው ማዶ ያለውን ወንዝ ይዞ ከታች ወደ ላይ የሚገባ መንገድ አለ። ሩቅ ነው እንጂ ከፍታው ያን ያህል አይደለም።" ጋሪ ነጂዎች ዙሪያ መንገድ የሚሄዱበት ጊዜ አልነበራቸውም። እኛ ግን ነበረን።

በማግስቱ ለእማማ ነገርኳቸው። "ዞሮ መግባት ማጭበርበር አይሆንም?" አሉኝ። አይመስለኝም አልኳቸው። የበረዶውን ወራት ሙሉ ጉዳዩን እያነሱ ሲጥሉ ቆዩ። ሐኪማቸውም ከፍታውን ሰምቶ ተስማማ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ አራት ሆነን ሄድን። ልጃቸው ወገቡ ድኖለት ከኋላ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። ባለቤቴ አጠገቤ ነው። እየነዳሁ ያለሁት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያጓጉዝ የሚውል ሰው ተሳፋሪ መሆን ምን እንደሚመስል ረስቶት ኖሮ፣ ኬኖሻን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰደው። መለኪያዋን በየጊዜው እናያለን፤ ቁጥሯ አልወረደችም። በደቡቡ በር አልፈን፣ ወንዙ ዳር ምሳችንን በልተን፣ ወደ ሰሜን ወጣን። ከሰዓት በኋላ ሊድቪል ገባን።

ዋናው ጎዳና ላይ አቆምኩ። ግራና ቀኙ የድሮ የጡብ ሕንፃ ነው፤ አንዳንዱ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዳንዱ መስኮቱ በጣውላ ተመትቷል። ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ሰዎቹን ባርኔጣቸውን ያስይዛቸዋል። እማማ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። በምሥራቅ በኩል የተራራው አንገት ይታያል፣ በዚህ በኩል ያለው ጀርባው። እሱንም ለረጅም ጊዜ አዩት። ልጃቸው ምን ሊሉ ነው ብሎ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት።

"ይቺ ናት?" አሉ በመጨረሻ።

"ይቺው ናት እማማ።"

"ደግ አደረገች እዚያው የቀረችው" አሉ። "ይህ ነፋስ ዱቄቷን ሁሉ ይዞባት ይሄድ ነበር።"

ልጃቸው መሳቅ ሲጀምር እሳቸውም ሳቁ፤ በመሣሪያው ቱቦ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ። ከዚያ ኬክ የሚሸጥበት ቦታ ፈልጉልኝ አሉን። ባለቤቴ አንድ ሱቅ አየ፣ ቀድሞም ሮጦ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።